የሽንት ቤቱ ዶክተር

ዶክተር አምደሚካኤል ማረፋቸውን የነገረችኝ ባለቤቴ ናት። ከገበያ እንደገባች ዘንቢሏን ሳታስቀምጥ፣ «እኚያ ድሮ አብረሃቸው የምትሠራው ሰውዬ፣ የሽንት ቤቱ ዶክተር፣ ትናንት አረፉ አሉ። ዊንጌት ጋ ድንኳን ተጥሏል» አለችኝ። እኔ ጢሜን ስላጭ ነበር፤ ግማሹ ተላጭቷል፣ ግማሹ ሳሙና ነው። «ነፍሳቸውን ይማር» አልኩና መላጨቴን ቀጠልኩ። እሷ በር ላይ ቆማ አየችኝ። ድሮ አለቃዬ እንደነበሩ እንጂ ሌላውን አታውቅም፤ አልነገርኳትም። ለማንም አልነገርኩም።

ነገሩ ደርግ ሊወድቅ አንድ ዓመት ያህል ሲቀረው ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ስምንት ዓመታት ቤታቸው ከቤቴ የሃያ ደቂቃ መንገድ ሆኖ ደጃቸውን ረግጬ አላውቅም። ከሩቅ ካየኋቸው መንገድ እቀይራለሁ። አንድ ቀን መሸሻ ሳጣ ጎሚስታ ቤት ዘው ብዬ እሳቸው እስኪያልፉ ድረስ የጎማ ዋጋ ስጠይቅ ነበር። መኪና ይቅርና ብስክሌት እንኳ የለኝም። ሌላ ቀን ደግሞ ታክሲ ሰልፍ ላይ ከኋላዬ ቆመው ኖሯል፣ ትከሻዬን ነካ አድርገው «ልጆቹ ደህና ናቸው?» አሉኝ፤ በስማቸው ጠሯቸው ሁለቱንም። «ደህና ናቸው» አልኩና የመጣው ታክሲ ላይ ዘለልኩ። ታክሲው ወደ መርካቶ ነበር፤ እኔ ወደ ቤቴ።

ዶክተሩ በዩኒቨርሲቲ ውሃና ፍሳሽ ያስተምሩ ነበር። እኔ የላቦራቶሪያቸው ቴክኒሺያን ነበርኩ። ሰውዬውን ያላየ ሰው ሊገምታቸው አይችልም። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሁልጊዜ ሙሉ ልብስ ከነክራባት፣ ከሱሪው ሥር ግን ላስቲክ ቦት ጫማ። በዚያ ቦት ጫማ ክፍል ገብተው ያስተምራሉ፣ በዚያው ቀጨኔ ይወርዳሉ፣ በዚያው ስብሰባ ይገባሉ። ሰው ቤት ሲጋበዙ ደግሞ ውሃ ሲቀርብላቸው ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንሥተው ያያሉ፣ ያሸታሉ፣ ከዚያ ነው የሚጎነጩት። ባለቤታቸው አጠገባቸው ሆና በዓይኗ ይቅርታ ስትጠይቅ ታመሻለች። እሳቸው ምንም አይመስላቸውም።

ተማሪ ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው አንድ አባባል ነበራቸው። «ከእናንተ በታች ሁልጊዜ የሚጠጣ ሰው አለ» ይላሉ። ፈተና ላይ ስሌቱን አበላሽቶ ይህችን አባባል የጻፈ ተማሪ አንድ ነጥብ እንደሰጡት አውቃለሁ። ሁለት ሲጠይቃቸው ግን አባረሩት።

የምርምራቸው ቦታ ቀጨኔ ነበር። ያን ጊዜ እዚያ ቁልቁለት ላይ አንዱን ጉድጓድ ሽንት ቤት ስንት ቤተሰብ እንደሚጋራው መቁጠር ያስቸግራል። ክረምት ሲገባ ይሞላና ገንፍሎ ወንዙ ውስጥ ይገባል፤ ከታች ያለው ሰው በዚያው ውሃ ልብስ ያጥባል፣ ሲብስም ይጠጣል። የዶክተሩ ሐሳብ በውጭ ምንዛሪ የማይገዛ፣ ሲበላሽ የሰፈሩ ሰው ራሱ የሚጠግነው ማጣሪያ መሥራት ነበር። ፍሳሹ መጀመሪያ ትልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይረጋል፣ ከዚያ በጠጠርና በአሸዋ ያልፋል፣ ከዚያ ፊላ በተተከለበት መደብ ሥር ለሥር ይሄዳል። መጨረሻ ላይ በሚወጣው ውሃ ጎመን ይለማበታል። የመጀመሪያው ጎመን ሲደርስ በቀበሌው ሰዎች ፊት ቆርጠው፣ አስቀቅለው በሉት። ሊቀመንበሩ «ጓድ ዶክተር፣ እኔ ጠዋት በልቻለሁ» ብሎ አመለጠ። ሰፈሩ «የሽንት ቤቱ ዶክተር» ያላቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ስሙን ሲሰሙ ሳቁ። «ከሌላው ሹመቴ ይህ ይሻላል» አሉ።

ቧንቧ አልነበረም። ፕላስቲክ ቧንቧ ለማስመጣት ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነብን። በመጨረሻ ዶክተሩ ወደ ሸክላ ሠሪዎቹ ሄዱ። የቀጨኔን ሸክላ ሠሪዎች አገሩ ሁሉ ጀበናና ድስት ይገዛቸዋል፣ ማዕዳቸው ላይ ግን አይቀርብም ነበር፤ ቡዳ ናቸው ይላል። እኔም ያው ነበርኩ፣ ልዋሻችሁ አልችልም። መጀመሪያ የሄድን ቀን ምሳ ሲቀርብ «ጾመኛ ነኝ» አልኩ። ማክሰኞ ነበር፣ ጾምም አልነበረም። ዶክተሩ ግን እጃቸውን ታጥበው በሉ፣ ጨምሩልኝም አሉ።

ቧንቧውን የሠራችው ወይዘሮ ደብሪቱ የምትባል ሴት ናት። ያኔ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ብርቄ የምትባል የአራት ዓመት ልጅ ነበረቻት፣ አንድ ለእናቷ። ዶክተሩ ሥዕሉን በወረቀት ሠርተው ሰጧት። እሷ ወረቀቱን አየችና ቀዳዳዎቹ እንዲህ ከተቀራረቡ እሳት ላይ ይሰነጠቃል፣ አራርቋቸው አለቻቸው። አላመኑም። ሦስት ቧንቧ ተሰነጠቀ። ከዚያ ማስታወሻቸውን አውጥተው የነገረቻቸውን ጻፉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ለአራተኛ ዓመት ተማሪዎች «ወይዘሮ ደብሪቱ እንዳስተማረችኝ» ብለው አነበቡት። እንዲህ ያለ ፕሮፌሰር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

አሁን ወደማልወደው ቦታ ደረስኩ።

ከማጣሪያው በታች፣ ስልሳ እርምጃ ያህል ወረድ ብሎ፣ አንዲት ትንሽ ጠበል ነበረች። ቤተ ክርስቲያን የላትም፣ በድንጋይ የተከበበች ምንጭ ናት፤ የሰፈሩ ሰው የአቦ ጠበል ይላታል። በልጅነቴ ሆዴ ተነፍቶ ሞተ ተብዬ ነበር። እናቴ ሁለት ሰባት አጠመቀችኝ፣ አጠጣችኝ፣ ዳንኩ። እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ «አንተ የአቦ ልጅ ነህ» ስትለኝ ኖራለች።

ዶክተሩ ማጣሪያውን መጀመሪያ ለሃያ ቤተሰብ ብቻ ከፈቱት። ለሰፈሩ ሁሉ ከመክፈታቸው በፊት ከጉድጓዱ የሚሰርገውን አፈሩ በትክክል ማጣራቱን ማወቅ ነበረባቸው። ስለዚህ በየሳምንቱ ሰኞ ከአምስት ቦታ ናሙና እንድቀዳ አዘዙኝ። አራቱ ችግር የለባቸውም። አምስተኛው ጠበሉ ነው።

ፊቴን አይተው ገባቸው መሰለኝ። «የምመረምረው አቦን አይደለም፤ የራሴን ጉድጓድ ነው» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ከጠበሉ መቅዳት ከከበደህ ግን ንገረኝ፤ እኔው እቀዳለሁ። አልቀየምህም።»

«ኧረ ምንም ችግር የለም ዶክተር» አልኩ።

ለምን እንዲያ እንዳልኩ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። የሠለጠነ ሰው መምሰል ፈልጌ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል። ላቦራቶሪ ውስጥ ነጭ ጋወን ለብሶ «ጠበል እፈራለሁ» የሚል ማነው?

የመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት ወረድኩ። አራቱን ቀዳሁ። ጠበሉ ጋ ስደርስ ሁለት ሴቶች ተጠምቀው ልብሳቸውን እየለበሱ ነው። ጠርሙሱን ከኪሴ አውጥቼ ጎንበስ አልኩ፣ እጄ እምቢ አለ። ጠበል ይፈተናል እንዴ? ከቀዳሁት በኋላ የጀርም ማሳደጊያ ምግብ ተጨምሮበት፣ የላቦራቶሪው ማሞቂያ ውስጥ ገብቶ፣ ጀርም ሲቆጠርበት ታየኝ። ሌላም ነገር አሰብኩ፤ ይህንንም ልናገር። ቀበሌው ጠበሏን ለመዝጋት ሰበብ ሲፈልግ እንደኖረ አውቃለሁ። ቆሻሻ ናት የሚል ወረቀት ከተገኘ በማግስቱ ያጥሯታል። እኔ ደግሞ በገዛ እጄ ያዳነችኝን ጠበል አስዘጋሁ ማለት ነው። ቀና ብዬ ዳገቱን ወጣሁና ጠርሙሱን ከቦኖ ሞላሁት። ላዩ ላይ «ጠበል» ብዬ ጻፍኩ።

የቦኖ ውሃ መድኃኒት ያለበት ውሃ ነው። ጀርም ከየት ይመጣል? ውጤቱ ንጹሕ ሆነ። ዶክተሩ ወረቀቱን ይዘው ደጋግመው አዩት፣ ዓይናቸው በራ። በሁለተኛው ሰኞም እንዲያው አደረግሁ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቀለለኝ። በሦስተኛው ወደ ጠበሉ መውረዴንም ተውኩ። በስድስተኛው ሳምንት ዶክተሩ «አፈሩ ሠርቷል» አሉና ማጣሪያውን ለሰፈሩ ሁሉ ከፈቱት። ሰዉ እልል አለ። ደብሪቱ ብርቄን አቅፋ ፊት ቆማ ነበር፤ ቧንቧው የሷ ነዋ። ዶክተሩ እኔን ወደ ፊት ጎትተው «ከዚህ ሁሉ ጀርባ የዚህ ልጅ እግር አለ» አሏቸው። አጨበጨቡልኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ እጅ ነሣሁ።

ክረምቱ ገባ፤ እኔም በየሰኞው ከቦኖ መሙላቴን ቀጠልኩ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ከታች ሰፈር ሕፃናት ተቅማጥ ያዛቸው። ብዙዎቹ ዳኑ። እናቶቹ የታመመውን ልጅ ሁሉ ይዘው ይወርዱ የነበረው ወደ ጠበሉ ነው፤ እንዲድን ብለው ከዚያው ያጠጡታል። ደብሪቱም ብርቄን ለሦስት ቀን ወሰደቻት። በአራተኛው ቀን ብርቄ ሞተች።

ዶክተሩ ወሬውን በሰሙበት ሰዓት ጠርሙስ ይዘው ራሳቸው ወረዱ። ከጠበሉ ቀዱ። በማግስቱ ሳህኑ ላይ የበቀለውን ጀርም ሲያዩ አጠገባቸው ነበርኩ። አፈሩ ምንም አላጣራም ነበር። ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ መዝገቡን ገለጡ፣ ስምንቱን ሰኞ አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ተነሥተው ማቀዝቀዣውን ከፈቱና የመጨረሻውን ሰኞ ጠርሙስ አወጡ። ውሃውን በብርሃን አዩት። አሸቱት። ሁለት ጠብታ መመርመሪያ ጨመሩበት። ቢጫ ሆነ። ክሎሪን ማለት ነው፣ የቦኖ ውሃ መድኃኒት፤ ምንጭ ውስጥ ደግሞ ክሎሪን የለም።

«ለምን?» አሉኝ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

ነገርኳቸው። የእናቴን ነገር፣ የቀበሌውን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። እስክጨርስ ሰሙኝ። ይሰድቡኛል፣ ይመቱኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢመቱኝ እንዴት በወደድኩ። ጠርሙሱን ከድነው መልሰው ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጡት። «ነገ ከሰዓት ቀበሌ ስብሰባ ጠርቶናል። አንተም ና» አሉኝና ወጡ። ዝም በል አላሉኝም፤ ተናገርም አላሉኝም።

ስብሰባው ላይ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። በር ላይ ጠመንጃ የያዙ የአብዮት ጥበቃዎች ቆመዋል። ሊቀመንበሩ የጎመኑን ቀን የረሳ ይመስል፣ ሥራው ከመጀመሪያውም በሰፊው ሕዝብ ጤና ላይ የተቃጣ አሻጥር እንደነበር ማውራት ጀመረ። አሻጥር የሚለው ቃል በዚያ ዘመን ምን እንደሚያስከትል የማያውቅ አልነበረም። ደብሪቱ በጥቁር ሻሽ ጥግ ላይ መሬት ተቀምጣለች። ዶክተሩ በቦት ጫማቸው መሐል ቆመዋል።

«ይህን ውሃ ንጹሕ ነው ብሎ የቀዳው ማነው?» ሲል ጠየቀ ሊቀመንበሩ።

ዶክተሩ ወዲያው አልመለሱም። ትንሽ ጠበቁ። ወደ እኔ ዞረው አላዩም፤ ግን ጠበቁ። ያቺ ትንሽ ጊዜ ለእኔ የተተወች እንደነበረች ያኔም ገብቶኛል፣ አልገባኝም ብል ውሸት ነው። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። ሁለቱ ልጆቼ ታዩኝ፣ ጠመንጃዎቹ ታዩኝ። ከመቀመጫዬ አልተነሣሁም።

«ናሙናው የኔ ነው» አሉ ዶክተሩ። «ወረቀቱ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ማረጋገጥ የነበረብኝም እኔ ነኝ።»

የዚያኑ ዕለት ከአዳራሹ ወሰዷቸው። ከእኔ ጎን ሲያልፉ ቦት ጫማቸውን እንጂ ፊታቸውን አላየሁም፤ አቀርቅሬ ነበር። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይባላል፤ እኔ እንኳ አፍ አውጥቼ አላከክሁም፣ ሰውዬው ራሳቸው ወስደው ተሸከሙልኝ።

ለሰባት ወር ታሰሩ። ማጣሪያው በአፈር ተደፈነ፣ የደብሪቱ ቧንቧዎች ከነቀዳዳቸው እዚያው ተቀበሩ። ጠበሏንም ቀበሌው በሽቦ አጠራት፤ ያዳንኩ መስሎኝ የነበረችውን ጠበል። ዶክተሩ ሲፈቱ ማስተማር ተከለከሉ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የድሮ ፋይል የሚያገላብጡ ሆኑ። የቀጨኔን ነገር የጻፉበት ወረቀት የትም አልታተመም። እኔ ደግሞ በዚያው ዓመት የደረጃ ዕድገት አገኘሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔው ዝምታ ግን ውስጥ ውስጡን ነቅዟል፤ ሌሊት ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ እሱ ነው፣ ልጆቼ ሆዴን አመመኝ ባሉ ቁጥር የሚያስደነግጠኝ እሱ ነው።

እንግዲህ ጢሜን ላጭቼ ጨርሼ የምሄድ መስሎኝ ነበር። ቀብር አልሄድኩም፣ ፈራሁ። በሠልስቱ ባለቤቴ ጋቢዬን አውጥታ አልጋው ላይ አኖረችልኝና ወጣች። ሄድኩ።

ድንኳኑ ውስጥ ብዙ ሰው አልነበረም። ጥቂት የድሮ ተማሪዎች፣ የዕድር ሰዎች፣ ዘመዶች። ባለቤታቸው ሳመችኝና «መጣህ?» አለችኝ። ቦታ ያገኘሁት ጥግ ላይ ነው። ከአጠገቤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የተቀመጠችው ሴት ቀና ስትል ደብሪቱ ናት። ፀጉሯ ሸብቷል። ልነሣ አሰብኩ፣ ግን ዓይኗ ያዘኝ።

«ያ ጠርሙስ ይዞ የሚመጣው ልጅ አይደለህም?» አለችኝ።

«ነኝ እትዬ ደብሪቱ።»

በቀስታ ታወራኝ ጀመር። ዶክተሩ ከእስር በወጡ በሳምንታቸው ቤቷ መጥተው እንደነበር ነገረችኝ። ልጅሽን የገደላት የኔ ቸልተኝነት ነው፣ ይቅር በዪኝ አሏት። በሩን ዘጋችባቸው። በወሩ ደግመው መጡ፣ ጎረቤት ሰብስባ አዋረደቻቸው፤ ገዳይ አለቻቸው፣ ጭቃ ወረወረችባቸው፣ ያን ክራባታቸውን አበላሸችው። እንደገና መጡ። በየዓመቱ በብርቄ ሙት ዓመት ጧፍ ይዘው ደጇ ላይ ይቆማሉ፣ እሷ ሳትከፍት ትውላለች፣ ሲመሽ ጧፉን ደፉ ላይ አኑረው ይሄዳሉ። ይቅር ያለቻቸው ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ እንደ ወንድም ሆኑላት።

«ልቤ ደንዳና ነበር» አለችኝ። «ግን የልጅ ነገር ነው። ጥፋታቸው ከባድ ነበር፣ አይደለም?»

ራሴን በአዎንታ ነቅንቄ ልወጣ እችል ነበር። ያን ያህል ጊዜ ችዬበታለሁ። ግን «ጥፋታቸው» ስትል ድንኳኑ ጠበበኝ።

«የሳቸው አይደለም እትዬ ደብሪቱ» አልኳት። «ውሃውን የምቀዳው እኔ ነበርኩ። ከጠበሉ አልቀዳሁም። ጠበሉን ፈርቼ ከቦኖ ሞልቼ ጠበል ነው አልኳቸው። እሳቸው አምነውኝ ነው። ሲያውቁ ደግሞ ስሜን ደበቁልኝ። ብርቄን የገደልኳት እኔ ነኝ።»

ፊቴ ላይ እንድትተፋብኝ ጠበቅሁ። ብትጮህ፣ ሰው ተነሥቶ ቢይዘኝ፣ ስምንት ዓመት የጠበቅሁት ያንን ነው። አልጮኸችም። እኔን ጭራሽ ያየችኝም አልመሰለኝም። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

«ታዲያ» አለች፣ «ሦስት ዓመት ሙሉ ደጄ ላይ ያቆምኳቸው ምን አድርገውኝ ነው?»

ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘችና ማልቀስ ጀመረች፤ መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ እየጮኸች፣ ደረቷን እየመታች። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ለሟቹ ብቻ የምታለቅስ መስሎት አብሯት አለቀሰ።